የምርጫ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት

ክቡር አዘጋጅ፣

በየዓመቱ የሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሐኪምነት ሥልጠና) መግቢያ ፈተና ሲቃረብ፣ ያስተማርኳቸውም ሆኑ የማላውቃቸው ወጣት ሐኪሞች እየደወሉ የትኛውን ስፔሻሊቲ ቢሞሉ እንደሚሻል ይጠይቁኛል። እኔም መልሼ የትኞቹን ክፍሎች በሚገባ እንዳዩ እጠይቃቸዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ማህፀንና ጽንስ። የኢንተርንነት (የሆስፒታል ልምምድ) ዓመቱ በአብዛኛው በእነዚህ አራት ክፍሎች ስለሚያልቅ፣ ሰመመንን፣ ሥነ አእምሮን፣ ፓቶሎጂንና ራዲዮሎጂን ብዙዎቹ የሚያውቋቸው በጥቂት ቀናት ጉብኝትና ከሌሎች በሰሙት ወሬ ነው። ወጣቱ ሐኪም ከዚህ በኋላ ዕድሜ ልኩን የሚኖርበትን ሙያ በቅደም ተከተል ሞልቶ ይልካል።

እኔ ራሴ ኢንተርን ሳለሁ ቀዶ ሐኪም ለመሆን ቆርጬ ነበር። ምክንያቱን ዛሬ ሳስበው፣ በጠዋት የሕሙማን ጉብኝት ዙር ላይ በስሜ ጠርቶ የሚያስተምረኝ ብቸኛው ሲኒየር የቀዶ ሕክምና መምህር ስለነበረ ነው። ሰመመን የሚሰጠውን ባለሙያ ግን ከመጋረጃው ማዶ ከማየት በቀር አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ቆሜ አላውቅም።

ሐሳቤን የቀየረው በጠቅላላ ሐኪምነት የተመደብኩበት የወረዳ ሆስፒታል ነው። አንድ ሌሊት ምጥ የጠናባት እናት መጣች። ኦፕራሲዮን የሚሠራው ባለሙያ ታጥቦ ተዘጋጅቷል፤ ክፍሉም፣ መሣሪያውም፣ ደሙም አለ። የሆስፒታሉ አንድ ሰመመን ሰጪ ግን ከቀትር በኋላ ሌላ ታካሚ ይዞ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ሄዶ ነበር። እናቲቱን በአምቡላንስ አሳፍረን ስንልካት እኔም አብሬያት ተጓዝኩ። እርሷ ተረፈች፤ ልጇ ግን አልተረፈም። የሰመመን ሐኪም ለመሆን የወሰንኩት ያን ሌሊት ከዚያ መንገድ ላይ ነው፤ ያ ምደባ ባይገጥመኝ ኖሮ ሙያውን ፈጽሞ አልመርጠውም ነበር።

በአገራችን አብዛኛውን ሰመመን የሚሰጡት ሐኪም ያልሆኑ ሰመመን ሰጪዎች ናቸው፤ ያለ እነርሱ የወረዳ ኦፕራሲዮን ክፍሎች ይዘጋሉ። ሆኖም የልብ ሕመምተኛው፣ ገና የተወለደው ሕፃንና ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛው ታካሚ ስፔሻሊስት ይሻሉ፤ ስፔሻሊስቱ ደግሞ የሚገኘው ሙያውን ቀርቦ አይቶ ከሚመርጥ ወጣት ነው።

ገቢን አስቦ መምረጥ ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ወንድምና እህቶቹን የሚያስተምር ወጣት ሐኪም፣ ሌሊት የማያስጠራና በግል ክሊኒክ የሚያሠራ ሙያ ቢፈልግ ልንወቅሰው አይገባም። የሚያሳስበኝ ገቢውንም፣ የዲዩቲውንም (የአዳር ተረኝነቱንም) ብዛት፣ ተመርቆ የሚመደብበትንም ቦታ ከትክክለኛ ምንጭ ሳይሆን ከጓደኛ ግምት ሰምቶ መወሰኑ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ1995 ዓ.ም.፣ የድንገተኛ ሕክምናው በ2003 ዓ.ም.፣ የቤተሰብ ሕክምናው ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተመረቀ ሐኪም እነዚህን ሙያዎች በአገሩ ሊመርጥ አይችልም ነበር። ዛሬ በቅጹ ላይ ሰፍረዋል፤ ሆኖም ለብዙ ኢንተርኖች ከስም ያለፈ ትርጉም የላቸውም።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርና የሕክምና ትምህርት ቤቶች አንድ ነገር እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ ኢንተርን ከአራቱ ዋና ክፍሎች ውጭ በመረጣቸው ሁለት ክፍሎች፣ በእያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ሙሉ ሳምንት፣ ዲዩቲ ጭምር እየገባ እንዲሠራ ይደረግ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የሮቴሽኑን (ኢንተርኑ በየክፍሉ የሚዘዋወርበትን) ሰሌዳ ማስተካከልና ሲኒየሮች ኢንተርኑን አጠገባቸው ለማቆም መፍቀዳቸው ይበቃል። እያንዳንዱ ክፍልም የሥልጠናውን ዓመት፣ በወር ስንት ሌሊት እንደሚታደርና ተመራቂዎቹ የት እንደሚሠሩ በግልጽ ጽፎ ፈተናው ከመድረሱ በፊት ያሳውቅ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሐኪም ደውላ ሰመመንን ሦስተኛ ምርጫዋ አድርጋ ልትሞላ እንዳሰበች፣ ነገር ግን ሥራውን አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ቅጹን ከመላኳ በፊት አንድ ሌሊት አብራኝ ዲዩቲ እንድታድር ጋበዝኳት፤ ነገ ማታ ትመጣለች።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሰመመን ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ