ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፦ ጂም ውስጥ ስለሚሸጠው የስቴሮይድ መርፌና ክኒን ግልጽ ደብዳቤ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

አዲስ አበባ ውስጥ ጂም ማሠልጠን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ክረምት አንድ የ19 ዓመት ሠልጣኜ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ መጣ። ለሦስት ወር ደረቱና ክንዱ ከሳምንት ሳምንት ሲሞላ እያየሁ «ጎበዝ» ስለው ነበር። ከቦርሳው ያወጣው የክኒን ብልቃጥ ወረቀቱ ተልጧል። ሐኪሙ ጉበቱ መጎዳቱን ሲነግረው ልጁ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ካቆምኩ ጡንቻዬ ይወርዳል?» ብሎ ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ስቴሮይድ፣ ማለትም ጡንቻ ለማሳደግ የሚወስዱት የወንድ ሆርሞን፣ ይታገድ እያልኩ አይደለም። ሰውነቱ ዋናውን የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስቴሮንን፣ በበቂ ለማያመነጭ ሰው ሐኪም የሚያዝለት መድኃኒት ነው። ልጆቻችን ግን ሐኪም ከሚያዝለት ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ነው የሚወጉት። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል ለዘር ፍሬ ትእዛዝ መስጠቱን ይተዋል፤ ፍሬው ይሟሽሻል፣ ዘሩ ይመናመናል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይወስዳል። ከሆርሞኑ ከፊሉ ወደ ሴት ሆርሞን (ኤስትሮጅን) ስለሚለወጥ ወንዱ ጡት ያወጣል። ክኒኖቹ ደግሞ ጉበት ቶሎ እንዳያፈርሳቸው ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሱት እዚያው ጉበት ላይ ነው። ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ የልብ ግድግዳ ይወፍራል። ቁመቱን ላልጨረሰ ታዳጊ የአጥንቱ ማደጊያ ጫፍ ያለ ጊዜው ይዘጋል። ሲያቆሙት የሚመጣውን ድባቴ አይቻለሁ፤ ብዙዎቹን ወደ መርፌው የሚመልሳቸው እሱ ነው።

አንድ ብልቃጥ ለሦስት አዋጥተው ይገዛሉ። መርፌም ይጋራሉ። ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

በ2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር አበረታች ቅመምን በመከላከል ረገድ አሳሳቢ ካላቸው አምስት ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ለአትሌቶቻችን ምርመራና ትምህርት ተዘርግቷል፤ ደስ ይለኛል። የእኔ ልጆች ግን አይወዳደሩም። ሜዳሊያ የላቸውም፣ ሽንታቸውን የሚመረምር የለም። የሚፈልጉት ሸሚዝ ሞልቶ መታየት ነው፤ ሻጩም ቴሌግራም ላይ «በውስጥ መስመር አናግሩን» ይላቸዋል።

እዚህ ላይ ነው እናንተን የምለምነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትን የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቷችኋል፤ ብልቃጡ ከፋርማሲ ወጥቶ ጂም ውስጥ ቢሸጥም መድኃኒትነቱ አይቀርም። ተቆጣጣሪ ወደ ጂሞች ላኩ። የቴሌግራም ሻጮችን ተከታተሉ። የተገኘውን ብልቃጥ በቤተ ሙከራ መርምራችሁ ውስጡ ምን እንዳለ ለሕዝብ ንገሩ፤ ልጆቹ የእኔን ምክር ባይሰሙ የእናንተን ውጤት ያያሉ። የሚወጉትን ልጆች ግን አትክሰሱብኝ። ክስ ከፈሩ ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ወደ ሐኪም አይሄዱም።

ልጁ አሁንም በክትትል ላይ ነው። ወረቀቱ የተላጠው ብልቃጥ ከነቀሩት 11 ክኒኖች መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ የምትልኩት ሰው በመጣ ቀን አስረክባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጂም አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ