ስፒናውን ከመሰካትህ በፊት

ወንድሜ ዳኜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ዘመን ድምፄን ማጥፋቴ ነውር ነው፤ ይቅር በለኝ። ልደውልልህ አስቤ ነበር፣ ግን ከምን እንደምጀምር ጨነቀኝ። ሌላውን ወሬ ስንገናኝ እናወጋዋለን። አሁን ብዕር ያስነሳኝ እህትህ የነገረችኝ ነገር ነው፦ ከጃፓን ያስመጣኸው አሮጌ አምፕሊፋየርና ሸክላ ማጫወቻ ደርሶልሃል፣ አንተም «110» የሚል የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ገዝተህ ልትሰካው ተቻኩለሃል። ችኮላህን ስለማውቀው ደነገጥኩ። እባክህ ይህን አንብበህ እስክትጨርስ እጅህን ሰብስብ።

የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው፤ 110ም 120ም አይደለም። መቀነሻህ 220ን ወደ 110 እንዲያወርድ ከተሠራ፣ የሚያውቀው የገባውን ለሁለት መክፈል ብቻ ነው። ከግድግዳው 240 ሲገባበት 120 ያወጣል፤ ይህ ለ100 ቮልት ዕቃ 20 በመቶ ትርፍ ነው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ 40 ቮልት የነበረው መስመር ወደ 48 ይወጣል። እዚያ ላይ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) 50 ቮልት የተጻፈባቸው ከሆኑ፣ ያውም በዚያ ዕድሜያቸው፣ አፋፍ ላይ ቆመዋል። የውስጡ ትራንስፎርመርም ይግላል፣ እም ይላል። ክፋቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ምንም አይታይህም፤ ይዘፍንልሃል፣ ደስ ይልሃል፣ ከወራት በኋላ ግን ያቃጥልሃል።

ስለዚህ አስቀድመህ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አምጣና በተለዋዋጭ ቮልት (AC) ላይ አድርገህ የግድግዳውን ለካ፤ ማታም ቀንም፣ ምክንያቱም ይለያያል። ከዚያ የመቀነሻውን መውጫ ለካ። ምንም ሳይሰካበት ጥቂት ከፍ ብሎ ቢያነብ አትደንግጥ፣ ጭነት ሲያርፍበት ዝቅ ይላል። አምፕሊፋየሩ እየሠራ ከ105 በላይ ካየህ ግን ያ መቀነሻ ለሱ አይሆንም፤ መውጫው ላይ «100» ተብሎ የተጻፈበትን ፈልግ። አቅሙ በቪኤ (ቮልት በአምፔር ተባዝቶ) የተጻፈ ነው፤ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለው ዋት እጥፍ ይሁን። 150 ዋት የሚል ከሆነ 300 ቪኤ። ለመንገደኛ የሚሸጠውን፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ቀላል ሳጥን ሆኖ «1600 ዋት» የሚለውን ጨርሶ አታስጠጋ። እሱ የኤሌክትሪኩን ሞገድ ቆራርጦ የሚሰጥ ነው፤ ለፀጉር ማድረቂያ እንጂ ለድምፅ ዕቃ አልተሠራም። እውነተኛው ትራንስፎርመር ስታነሳው በኪሎ የሚመዘን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ትንሽ ያስፈራል ግን ልንገርህ። አብዛኞቹ መቀነሻዎች መግቢያቸውና መውጫቸው በአንድ ሽቦ የተገናኘ ነው። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ከግድግዳው ነቅለህ፣ መልቲሜትሩን በኦም ላይ አድርገህ አንዱን የመግቢያ እግርና አንዱን የመውጫ ቀዳዳ ለካ። ጥቂት ኦም ካነበበ የተገናኘ ነው። ያኔ ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ፣ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል 100 እያነበበ አንደኛው ቀዳዳ ከመሬት አንጻር 230 ይሆናል። ያንተ አምፕሊፋየር የራሱ ትራንስፎርመር ውስጡ ስላለ ይሸከመዋል። ነገ አሮጌ የአሜሪካ ራዲዮ ልትገዛ ከተነሳህ ግን፣ የብረት አካላቸው በቀጥታ ከመስመሩ የተያያዘ ብዙ አሉ፤ ለነሱ መግቢያና መውጫው የተለያየ ትራንስፎርመር ግዴታ ነው።

የመጀመሪያ ማብራትህ በአምፖል ይሁን፣ በዚህ ላይ ልለምንህ። የድሮውን ባለክር አምፖል፣ 60 ዋት የሆነውን፣ ከመቀነሻው በፊት በግድግዳው በኩል በአንደኛው ሽቦ ላይ በተከታታይ ታስገባዋለህ፤ መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ መቀነሻው ይሂድ ማለቴ ነው። ኤልኢዲ አይሠራም። ስፒከሮቹን ንቀል፣ ድምፁን ዜሮ አድርግና አብራው። አምፖሉ ቦግ ብሎ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ደብዘዝ ካለ መልካም ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ወዲያው ንቀለው። ፊውዙ ከተበጠሰም የተጻፈበትን ልክ ብቻ ተካበት፤ በሽቦ እንዳታገናኘው። ክዳኑን ብትከፍት፣ መብራቱ የሚገባበት አጠገብ ያለችውን ትንሽ ካፓሲተር እያት፦ ልባሷ ቢጫማና ብርሃን አሳላፊ ሆኖ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ መጨስ አይቀርላትም። መጠኗ ያው ሆኖ X2 በሚባለው ዓይነት፣ 275 ቮልት በሚለው ትተካ። ከመንካትህ በፊት ግን ነቅለህ ቆይ፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀሉም በኋላ ይመታሉ።

የሸክላ ማጫወቻው ነገር ሌላ ነው። መቀነሻ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (ሞገዱ በሴኮንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አይነካም። የጃፓን ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60 ኸርዝ ነው። ያንተ በቺንጋ የሚዞርና ፍጥነቱን ከመስመሩ ኸርዝ የሚወስድ ሞተር ካለው፣ ፑሌጃውም የ60 ከሆነ፣ በግድግዳህ 50 ኸርዝ ላይ በደቂቃ 33⅓ የነበረው ወደ 27.8 ዙር ይወርዳል፤ ዘፋኙ ሁሉ ጎርናና ይሆንብሃል። ሳህኑን አንሳና ፑሌጃውን ተመልከት፣ ብዙ ጊዜ 50 ወይም 60 ተቀርጾበታል። የ60 ከሆነ በ1.2 እጥፍ የሚሰፋ ፑሌጃ ያስፈልግሃል። ያለ ቺንጋ በቀጥታ የሚዞር ባለ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ከሆነ ግን ኸርዙ አያሳስብህ። መቀነሻውንም ከማጫወቻው ቢያንስ አንድ ሜትር አርቀው፤ ካጠጋኸው መርፌው እምታውን ይለቅመዋል።

የሁለቱንም የጀርባ ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ፣ የለካኸውን ቮልትም ጽፈህ ላክልኝ። እስከዚያው ስፒከሮቹን አታገናኝ።

ወንድምህ