ይድረስ ሱቄን ላሸጉት ኃላፊ

ለከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። እስካሁን ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም የመዝገብ ቤት ማኅተም አርፎባቸዋል፣ መልስ ግን የላቸውም። አራተኛውን ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ጻፍኩት። የከተማችንንም የእርስዎንም ስም ትቼዋለሁ። ማን እንደሆኑ እርስዎ ካወቁት ይበቃኛል።

ሱቄ ሦስት በአራት ናት። የሶላር ፓነል፣ ባትሪ፣ ኮንትሮለር (ፓነሉ ባትሪውን ሲሞላ የሚቆጣጠረው ዕቃ) እና አምፖል እሸጣለሁ። ቴክኒክና ሙያ ተምሬ በሶላር ተከላና ጥገና ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ አልፌያለሁ። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሊያሽጉ የመጡት ሰዎች ከሥሩ ነበር የቆሙት።

ጥፋቴ ምን መሰለዎት? ፈቃዴ የችርቻሮ ነው። ተቆጣጣሪዎችዎ ሲገቡ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የተከፈተ ኮንትሮለር አገኙ። ከገጠር የመጡ እናት ያመጡት ነው። ሽቦው ተነቅሎ ነበር፣ በሶልደር የሁለት ደቂቃ ሥራ። "ያለ ፈቃድ ጥገና" ተባለ።

የጥገናና ተከላ መደብ ይጨመርልኝ ብዬ ካመለከትኩ ያን ጊዜ አምስት ወር አልፎኝ ነበር። ያመለከትኩትም እዚያው እናንተ ዘንድ ነው! መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ "ተከላ ከሆነ ኢንጂነር ቅጠሪ" አለኝ። ለ20 ዋት ፓነልና ለሦስት አምፖል። በሌላ ቀን ሌላ ሰው "አያስፈልግም" አለ። በጽሑፍ ስጡኝ ስል ሁለቱም ዝም። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጁን፣ 980/2008ን፣ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፣ አላስተምርዎትም።

ደግሞ ሁለት ጊዜ ስመጣ መብራት አልነበረም። አንዴ መብራቱ ኖሮ ሲስተም አልነበረም። "እህቴ፣ መብራት ሲመጣ ተመለሺ" ተብዬ የሶላር ካታሎጌን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

ይሄ ሁሉ ይሁን። ያልወጣልኝ የባትሪዎቹ ነገር ነው።

ሱቁ ሲታሸግ ጣሪያው ላይ ያሉት ፓነሎች ስድስት ባትሪ ቻርጅ እያደረጉ ነበር። ተቆጣጣሪው ብሬከሩን አወረደው። "ወንድሜ፣ ይሄን እንኳ አታጥፋብኝ። ባዶ ናቸው፣ ይሞታሉ" ብዬ ለመንኩት። "ባትሪ ደግሞ ይሞታል እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

ይሞታል። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ከሰነበተ ውስጡ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገራል። ከዚያ ወዲያ ቢሞሉትም አይዝም። ኮንትሮለሩም ቢሆን ፀሐይ ሲያጣ ከባትሪው ትንሽ ትንሽ እየጠጣ ነው የሚቆየው።

በ38ኛው ቀን እሽጉ ሲነሳ የቮልት መለኪያዬን፣ መልቲሜትሬን፣ ይዤ ገባሁ። ደህና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 አካባቢ ያሳያል። የመጀመሪያው 4.1 አለ። ሁለተኛው 3.6። ሦስተኛውን ስለካ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከስድስቱ የተረፉት ሁለት ናቸው። ከሞቱት አንዱ የደንበኛ አደራ ነው፣ በሱ ሞባይል ቻርጅ እያደረገ የሚተዳደር ልጅ ንብረት። የቀሩትን በእቁብ ብር ነው የገዛኋቸው፣ ያውም ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ 100 ካለፈ በኋላ። እናትየዋስ? ኮንትሮለራቸው ውስጥ ተቆልፎ 38 ቀን በኩራዝ አመሹ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ሁሉም ሰው መብራት ያገኛል፣ 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጭ በሶላርና በመሳሰለው ነው ይል ነበር። የህዳሴው ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ እሰየው። ግን ምሰሶው እናትየዋ ቀበሌ እስኪደርስ ድረስ ያችን ፓነል ጣሪያቸው ላይ የሚያስረው ማን መሰለዎት? ሚኒስትሩ መሰላል ይዘው አይመጡ!

የምጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ለጥገናና ለአነስተኛ ተከላ ምን እንደሚያስፈልግ ተጽፎ፣ የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት። የአራቱን ባትሪ ካሳ ጉዳይ ደግሞ ፊት ለፊት እናወራዋለን።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ እመጣለሁ። መብራት ከሌለ አይጨነቁ፣ ከተረፉት ሁለቱ አንዱን ይዤ እመጣለሁ።

ባለሱቋ