ስለ አንዲት ፔኒ ደጅ የረገጡ ሰዎች

ብሪስቶል፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ጓደኛዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ልጆቹስ እንደምን አሉልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው ዓመት የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ አሁን ድኖልኛል።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቀርቻለሁ። እማማ ማረፋቸውን በሰማሁ ማግስት ገንዘብ በባንክ ላክሁልሽ፤ አንቺም «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ መለስሽልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ደውዬ አብሬሽ አላለቀስሁም፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላልሁም፤ ለአርባቸውም ለሙት ዓመታቸውም እንደዚያው ገንዘቡን ብቻ ሰድጄ ዝም አልሁ። በልቤ የሚገባኝን ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር። እንዳላደረግሁ ያስተዋልሁት በዚህች ከተማ፣ ሜቶዲስት በሚባሉት ክርስቲያኖች መካከል ተቀምጬ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ።

እንደምታውቂው ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ከእነርሱ አንዷ በወጣትነታቸው ከጃማይካ የመጡ፣ ዘጠና ዓመት የተጠጋቸው እናት ናቸው፤ በተራዬ እሑድ በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋሁ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው እወስዳቸዋለሁ። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ ሃይማኖቴንም አልለወጥሁም፤ ሥራ በማይኖረኝ ሰንበት ቅዳሴዬን አስቀድሳለሁ። ነገር ግን ሦስት ዓመት በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ ሰዎች እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ያየ ሰው፣ ያየውን አላየሁም ሊል አይችልም።

ቅዳሜ ማታ እራታቸውን ከበሉ በኋላ ከመሳቢያቸው የትንንሽ ፖስታዎች እሽግ ያወጣሉ። በዓመቱ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ እሑድ አንድ ፖስታ አለው፤ በላዩ ቀኑና የእርሳቸው ቁጥር ታትሞበታል፣ ስማቸው ግን የለበትም። የትኛው ቁጥር የማን እንደ ሆነ የሚያውቀው መዝገቡን የሚይዘው ሰው ብቻ ነው፤ ብዙ የሰጠው እንዳይመጻደቅ፣ ጥቂት የሰጠውም እንዳያፍር። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ስለ ተጣመሙ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ እየገፉ ነው የሚያስገቧቸው፤ ላግዝዎ ስላቸው «ይህ የእኔ ነው» ብለው እጄን ይመልሱታል። ከዚያ ሙጫውን በምላሳቸው አርሰው፣ በመዳፋቸው ጫን ብለው ያሽጉትና በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ላይ ያኖሩታል። ሦስት ፓውንድ ነው። በዚህ አገር ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ፈርሞ ከሰጠ፣ ለእያንዳንዱ ፓውንድ መንግሥት 25 ፔኒ፣ ማለትም ሩብ ፓውንድ፣ ይጨምርበታል፤ የእርሳቸው ጡረታ ግን ግብር የሚከፈልበት ስላልሆነ ሦስቱ ያው ሦስት ሆኖ ይገባል።

አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሏቸው ሁለት እሑድ ቀሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዲት የቤተ ክርስቲያኑ አባል በር አንኳኩተው ገቡና አንድ ሰዓት ያህል አጠገባቸው ተቀምጠው ሲያጫውቷቸው፣ ሲጸልዩላቸው ቆዩ። ስለ ፖስታው አንድም ቃል አልተነሣም። ሴትዮዋን ሲወጡ ማን እንደ ሆኑ ብጠይቃቸው፣ ከምእመናኑ አሥር ያህሉን እንዲጠይቁ የተመደቡ መሆናቸውን ነገሩኝና «ይህ ልማድ የተጀመረው እኮ እዚሁ ብሪስቶል ነው፤ ሄደሽ እዪው» አሉኝ።

ሄጄ አየሁት። ሜቶዲስት የሚለው ስም መጀመሪያ የፌዝ ስም ነበር፤ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሜቶዲስቶች መሥራች ጆን ዌስሊና ወንድሙ ቻርልስ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር በሰዓትና በሥርዓት ሲጸልዩ፣ እስረኞችን ሲጠይቁ፣ እንደ እኛው ረቡዕና ዓርብ ሲጾሙ ያዩ ሌሎች ተማሪዎች ያወጡላቸው ነው። ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1739 ወደ ብሪስቶል መጥቶ ሜዳ ላይ ቆሞ ለድኾች፣ በኪንግስዉድም ለድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሰበከ፤ በዚያው ዓመት ብሮድሚድ በሚባለው ሰፈር «አዲሱ ክፍል» የተባለውን ቤት አሠራ። በዓለም ካሉት የሜቶዲስት ሕንፃዎች ሁሉ ጥንታዊው እርሱ ነው። ዛሬ ዙሪያውን የልብስና የጫማ መደብር ከቦታል፤ ግቢው ውስጥ ዌስሊ በፈረስ እንደ ተቀመጠ ሐውልቱ ቆሟል፤ በሩን አልፈሽ ስትገቢ ግን የገበያው ጫጫታ ጸጥ ይላል።

ይህ ቤት ዕዳ ነበረበት። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 1742 ስለ ዕዳው ለመመካከር ሲሰበሰቡ፣ ካፒቴን ፎይ የተባለ ሰው ተነሥቶ፣ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንዲት ፔኒ ይስጥ አለ። ሌላው «ብዙዎቹ ድኾች ናቸው፣ አይችሉም» ብሎ ተቃወመ። በዚህ ጊዜ ፎይ ያለው ነገር ነው ልቤን የነካው፦ ከሁሉ የደኸዩትን አሥራ አንዱን ለእኔ ስጡኝ፤ በየሳምንቱ ደጃቸው እሄዳለሁ፤ ካላቸው እቀበላለሁ፣ ከሌላቸው ስለ ራሴ እንደምሰጥ ሁሉ ስለ እነርሱም እሰጣለሁ፤ እናንተም እያንዳንዳችሁ አሥራ አንድ ሰው ያዙና የጎደለውን ሙሉ።

እንግዲህ ፔኒዋን ሊሰበስቡ የወጡት ሰዎች በየቤቱ ሲገቡ ሌላ ነገር አገኙ። አንዱ ታሞ ተኝቷል፣ አንዱ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ አንዱ ወደ መጠጡ ተመልሷል። ዌስሊ ይህን ሲሰማ ስንፈልገው የነበረው ይህ ነው አለ፤ ከዚያ ወዲህ መሪው ገንዘቡን ከመቀበሉ ጋር «ነፍስህ እንዴት ናት?» ብሎ መጠየቅ ሥራው ሆነ። ኋላ ላይ ቤት ለቤት መዞሩ አስቸጋሪ ስለ ሆነ አሥራ ሁለቱ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ «ክላስ» የሚሉት ይህ ነው። ካስቸገሯቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚያድሩ አገልጋዮች ስለ ነበሩ ጌቶቻቸውና እመቤቶቻቸው ጠያቂ እንዳይገባባቸው መከልከላቸው ነበር።

ይህን ሳነብ ቤይሩት ትዝ አለችኝ። እመቤቲቱ በር ቆልፋ በምትወጣበት፣ ደመወዜንም ለወራት በያዘችብኝ ጊዜ፣ የማርያም ማኅበራችን መዋጮ ከእኔ ሳይጓደል የቀረው አንቺ ስለ ከፈልሽልኝ ነበር። በማኅበሩ ቀን ማታ ከሕንፃው ሥር ቆመሽ ስታፏጪልኝ፣ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ዘንቢሉን በገመድ አወርድልሽ ነበር፤ አንቺም በመሐረብ የተጠቀለለ የጽዋ ዳቦ ታስቀምጪልኝና «ማን እንደ ጠየቀሽ ታውቂያለሽ?» እያልሽ ስማቸውን አንድ በአንድ ትጠሪልኝ ነበር። ስለ ራስሽ እንደምትሰጪ ስለ እኔም ሰጠሽ። ካፒቴን ፎይን ሳላውቀው አንቺን አውቄሻለሁ።

ጽዋን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ የጥንቶቹ ሜቶዲስቶች «የፍቅር ማዕድ» የሚሉት ነበራቸው። ማታ ይሰበሰቡና ሁለት ጆሮ ያለው ትልቅ ጽዋ ውኃ ተሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዳቦውም እንዲሁ። ቁርባን አይደለም፣ ካህን አያስፈልገውም፤ ወንዱም ሴቱም እየተነሣ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል፣ በመጨረሻም ለችግረኛ ገንዘብ ይሰበሰባል። ለመግባት በየሦስት ወሩ የሚታደሰውን የአባልነት ካርድ ማሳየት ነበረባቸው። ያን ባለ ሁለት ጆሮ ጽዋ በመስታወት ውስጥ ሳየው እኛ ቤት ጓዳ ያለ ነገር መሰለኝ። የእኛው ማኅበርተኛ የሚቀባበለው ጠላ፣ የእነርሱ ውኃ መሆኑ ነው እንጂ፣ ሙሴው የሚመራው፣ ተራ የደረሰው የሚደግሰው፣ የቀረው ሰው ለምን ቀረ ተብሎ የሚጠየቅበት ማኅበራችን ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ያ የሳምንት መዋጮ ዕዳ ከፍሎ አልቆመም። ለንደን ላይ ዌስሊ 30 ፓውንድ ከ16 ሽልንግ ሰብስቦ የብድር ሣጥን አቋቋመ፤ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ 20 ሽልንግ፣ ማለትም አንድ ፓውንድ፣ ብቻ ይሰጣል፣ ተበዳሪውም በየሳምንቱ እየከፈለ በሦስት ወር ይጨርሳል። በ18 ወር ውስጥ በዚያች ገንዘብ 255 ሰው ተረድቷል። አንድ ጫማ ሰፊ ቆዳውን፣ አንዲት ሸማኔ ክሯን ለመግዛት ባለጠጋ ደጅ መጥናት ቀረላቸው ማለት ነው። ዌስሊ ራሱ በ81 ዓመቱ፣ በጥር ወር፣ ቁርጭምጭሚት በሚያጠልቅ የቀለጠ በረዶ ውስጥ ለቀናት በለንደን ጎዳና እየዞረ ለድኾች ልብስ መግዣ 200 ፓውንድ ለምኖ ሰብስቧል። ሌላውን ልኮ ማስለመን ይችል ነበር።

ዛሬ ደግሞ እንዴት እንደሚተዳደሩ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ይህኛውም ያስገርመኛል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻውን አይቆምም፤ በአካባቢው ያሉት ጥቂቶቹ አንድ ላይ ተያይዘው አንድ ወረዳ ይሆናሉ፣ እያንዳንዱም እንደ አቅሙ የተደለደለበትን ለወረዳው ይከፍላል። ከዚያ የሚከፈለው የአገልጋዮቹ መሠረታዊ መተዳደሪያ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ በሀብታም ሰፈር የሚሰብከውና በእኛ ሰፈር የምትሰብከው ሴት እኩል ይቀበላሉ፤ የእኚያ እናት ሦስት ፓውንድም ከሰፈራቸው አልፋ ስማቸውን የማያውቅ መንደር ትደርሳለች። የቁርባን እሑድ የሚሰበሰበው በብዙ ቦታ ለችግረኞች መርጃ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ማን እንደ ተረዳበትም አይወራም።

ሁሉ ነገራቸው ያማረ ነው አልልሽም። ቁርባኑን ራሱን ከአንድ ጽዋ ሳይሆን አልኮል የሌለበትን ወይን በጣት በምታህል ብርጭቆ ለየብቻቸው ይቀበላሉ፤ ልቤ ሊለምደው አልቻለም። ከጸሎት በኋላ ሻይና ብስኩት አለ፣ ስለ አየሩ ይወራል፣ «ነፍስሽ እንዴት ናት?» የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬ እምብዛም አይሰማም። እኔንም ስሜን አስተካክሎ የጠራኝ ሰው እስኪገኝ ወራት ፈጅቷል። ደግሞ አሁን ብዙዎቹ መዋጮአቸው በየወሩ በቀጥታ ከባንክ እንዲሄድ ስላደረጉ፣ ሳህኑ ሲዞር በባዶ እጃቸው ለጎረቤት ያሳልፉታል። ሂሳቡን የሚይዙት አዛውንት አንድ ቀን ጎንበስ ብለው፣ «ገንዘቡ እንደ ድሮው ይገባል፤ የጎደለ ፖስታ ግን ስለሌለ ማን እንደ ታመመ አላውቅም» አሉኝ። ያን ጊዜ አንቺ ፊቴ ላይ ድቅን አልሽ። እኔ የምልክልሽ ገንዘብ አንድም ቀን አልጎደለም፤ ግን እኔ እንዴት እንደ ሆንሁ፣ አንቺም እንዴት እንደ ከረምሽ አንዳችን አላወቅንም።

እጄ የተሰበረ ጊዜ እነዚሁ ሰዎች አባላቸው ሳልሆን ለሦስት ሳምንት በየተራ ምግብ አመላልሰውልኛል። በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ ሰኞ እገሌ፣ ማክሰኞ እገሊት እየተባለ ስም ሞልቶበታል። ምግቡ ጨውም በርበሬም የለውም፤ ግን እንፋሎቱ እየወጣ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣልኝ፤ ያመጣውም ሰው ካፖርቱን አውልቆ ይቀመጥ ነበር እንጂ በር ላይ አስረክቦኝ አይመለስም ነበር። በጾም ሥጋ እንደማልበላ ከነገርኋቸው በኋላ በሚቀጥለው ረቡዕ የምስር ሾርባ መጣ። አለቀስሁ።

ዌስሊ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 1791 ሲሞት፣ ሠረገላ እንዳይቀርብለት፣ አስከሬኑን ስድስት ድኻ ሰዎች ተሸክመው እንዲቀብሩትና ለእነርሱም 6 ፓውንድ እንዲካፈል ተናዝዞ ነበር። ይህን ያነበብሁ ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እማማን እነማን እንደ ተሸከሟቸው አለማወቄ ነው ያንገበገበኝ። የእድሩ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የትኞቹ ናቸው? ጡሩንባው የተነፋው ሲነጋጋ ነበር ወይስ ማታ? ድንኳኑ የተተከለው በዋናው በር በኩል ነው ወይስ እኛ ልጆች ሳለን ሱዚ በምንዘልበት ሜዳ ላይ? ንፍሮውን ማን ቀቀለ? በመጨረሻ ሰሞን ማንን እየጠሩ ነበር?

የመጪው ቅዳሜ ማታ፣ በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ፤ እኚያ እናት ፖስታቸውን የሚያሽጉባት ሰዓት ናት። ብዙ ደቂቃ የሚበቃ ካርድ ገዝቻለሁ። ስልኩን ካነሣሽልኝ ስለ ሌላ ነገር ሳናወራ መጀመሪያ ለእማማ እናለቅሳለን።

ያንቺው ባልንጀራ