በፎክላንድ ያልነበረችው መርከብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ብሪታንያና አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ደሴቶች ስላደረጉት ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁ። ጸሐፊው ድሉን ቀጥ ብለው ማረፍ ለሚችሉት የብሪታንያ ሃሪየር ተዋጊ አውሮፕላኖች ብቻ መስጠታቸው ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ይሸፍናል። ከዘመቱት ሁለት የብሪታንያ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ይልቅ ትልቅ የነበረችው ሌላዋ ተሸካሚ መርከብ «አርክ ሮያል» በ1979 ከአገልግሎት ባትወጣ ኖሮ፣ ፋንቶም ተዋጊዎችን ብቻ ሳይሆን፣ ራዳር ተሸክሞ ከፍ ብሎ የሚቃኘውን ጋኔት አውሮፕላንም ይዛ በዘመተች ነበር። ሜይ 4 ቀን ሁለት የአርጀንቲና አውሮፕላኖች ከባሕሩ ወለል ብዙም ከፍ ሳይሉ የቀረቡት የመርከብ ራዳር ከአድማስ በታች ያለውን ስለማያይ ነው፤ በተኮሱት ኤግዞሴት የተባለ ፀረ-መርከብ ሚሳይል የብሪታንያ የጦር መርከብ «ሼፊልድ» ተመትታ 20 መርከበኞች ሞቱ። ከላይ የሚያይ ዓይን ቢኖር ኖሮ ለመዘጋጀት ጥቂት ደቂቃዎች ይገኙ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እርግጥ ነው፣ እንደ ፋንቶምና ጋኔት በወንጫፊ፣ ማለትም ከመርከቧ ወለል በሚያስፈነጥር መሣሪያ፣ የሚነሣ አውሮፕላን ችግር አለበት፤ የአርጀንቲናዋ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ «ቬንቲሲንኮ ደ ማዮ» ሜይ 2 ቀን በቂ ነፋስ አጥታ ስካይሆክ የተባሉ የጦር አውሮፕላኖቿን ማስነሣት ሳትችል ቀርታለች፣ ሃሪየሮቹ ግን በጭጋግም ቢሆን ቀጥ ብለው ያርፉ ነበር። እኔ ብሆን ግን ጋኔቶቹን እመርጥ ነበር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ