ስለ እማማ ቤት የዘገየ መልስ

ለውድ ወንድሜና አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ ተሻላቸው?

አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ቆየሁ። በመጨረሻው ደብዳቤህ «የእማማን ቤት አፍርሼ በብሎኬት ልሥራው ወይስ ልጠግነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ያኔ የምመልሰው አጣሁ፤ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐፍረት ያዘኝ። ይቅር በለኝ።

መልሱን ያገኘሁት ባለፈው ሳምንት ክቬድሊንቡርግ ሄጄ ነው። በጀርመን የሃርዝ ተራሮች አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በእንጨት አጽም ላይ የቆሙ ከ2,000 የሚበልጡ አሮጌ ቤቶች አሏት፤ ዩኔስኮ በ1994 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)።

ዎርድጋሴ በሚባል መንገድ ላይ በ1347 ገደማ የተሠራ ቤት አለ። እስከ 1965 ድረስ ሰው ኖሮበታል፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ቋሚዎቹ ከታች እስከ ጣሪያው ድረስ አንድ ወጥ ናቸው። የፎቁን ወለል የሚሸከሙት አግዳሚዎች ጫፋቸው ቀጥኖ ቋሚውን ሰንጥቆ ያልፍና በውጭ በኩል ብቅ ይላል፤ እዚያ ላይ በእንጨት ሽብልቅ ይወጠራል። አባትህ ቢያዩት ኖሮ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አይነሡም ነበር። በኋላ የመጡት አናጢዎች ግን እያንዳንዱን ፎቅ ለብቻው እያዋቀሩ፣ የላይኛውን ከታችኛው ወደ መንገዱ ገፋ አድርገው መሥራት ጀመሩ። እንጨቱን በግቢያቸው ጠርበው፣ መሬት ላይ አጋድመው ይገጣጥሙታል፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም በመሮ ምልክት ይቆርጡበታል፤ ከዚያ ፈትተው ወደ ቦታው ያመጡታል። ምልክቶቹን በእጄ ዳሰስኳቸው።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። እዚያው ሰፈር አንድ ቤት እየተጠገነ ነበር። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ተከፍቶ ሳየው ውስጡ ርብራብ እንጨት፣ በላዩ ጭቃና ጭድ! የእኛው ምርጊት ነው፣ ወንድሜ። ሠራተኛው የረገፈውን አሮጌ ጭቃ አልጣለውም። በገንዳ ውኃ አፍስሶበት፣ አዲስ ጭድ ነስንሶ፣ በቦቲ ጫማው ረገጠውና መልሶ መረገው። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው የእናንተ ግቢ መጣብኝ፤ ለዓመት በዓል ቤት ስትመርጉ እኔና አንተ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ስንዘል ታየኝ።

ቤቱ የተጎዳው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ሰው በሲሚንቶ ለስኖት ኖሯል። ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ ውኃ ይገባል፤ ጭቃው እንደ ልማዱ ሊተነፍሰው ሲሞክር መውጫ ያጣል፤ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። የእማማን ቤት ከመንገድ በኩል በሲሚንቶ ያስለሰንነው እኔና አንተ አይደለንም? ገንዘቡን የላክሁት እኔ ነበርሁ።

አንድ ልዩነት አለ። የእነርሱ እንጨት በድንጋይ መሠረት ላይ ነው ያረፈው፤ የእኛ ባሕር ዛፍ ግን አፈር ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ምስጥ ይቀድመዋል። ስለዚህ እባክህ አታፍርሰው፤ በመጀመሪያ ከታች አንድ ክንድ ያህል ሲሚንቶውን አንሥተህ ቋሚዎቹን በቢላ ወጋ ወጋ አድርጋቸው። ቢላው የሚሰምጥበት ካለ ጣሪያውን በድጋፍ አስይዛችሁ የበሰበሰውን ብቻ ቁረጡ፤ ከሥሩ ድንጋይ ክባችሁ ጤነኛ እንጨት ተኩበት። እዚህም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሙሉ ቋሚ አይጥሉም። ቆርቆሮውን ደግሞ ወደ ውጭ ሁለት ስንዝር አስረዝመው፤ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታው።

ወጪውን እኔ እችላለሁ። በምሥራቁ ጥግ፣ በእማማ አልጋ በኩል ያለውን ቋሚ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ለእማማ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

የዘገየው ወንድምህ