ከኑርንበርግ ለአባባ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ ሥራውም እንደ ድሮው ነው።

ማሙሽ ሰሞኑን ደውሎ አኩርፎ አዋራኝ። ዩኒቨርሲቲ ታሪክና ቅርስ ጥበቃ ልማር ቢልዎ «አሮጌ ግንብ እንጀራ ይሆናል?» ብለውታል አሉ። አባባ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ከመቁረጥዎ በፊት ዕድሜ ልካቸውን በዚሁ ሥራ የኖሩ ሰው ታሪክ ልጻፍልዎ።

ፕሮፌሰር ኡልሪሽ ግሮስማን ይባላሉ። በፈረንጅ 1953 ማርቡርግ ተወለዱ። ከተማዋ ኮረብታው ላይ ትልቅ ግንብ አላት። የጥበብ ታሪክ ተምረው በ1980 ዴትሞልድ ሥራ ያዙ። እዚያ ድሮ የተሠሩ የገጠር ቤቶች ከየመንደሩ ተነቅለው ሜዳ ላይ እንደነበሩ የሚተከሉበት ሙዚየም አለ። በኋላ ሌምጎ በሚገኝ አንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሌላ ሙዚየም አቋቋሙ። ከ1994 እስከ 2019 ደግሞ እኔ ባለሁበት ከተማ የጀርመን ብሔራዊ ሙዚየምን በዋና ዳይሬክተርነት መሩ። በ1852 የተመሠረተ፣ እጅግ ትልቅ ቤት ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አባባ!

ሹመቱን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ሥራው ልግባ። እርስዎ የሚወዱት እሱን ነው።

እዚህ አገር ብዙ ግንብ መቼ እንደተሠራ የሚናገር ወረቀት የለውም። ስለዚህ አጥኚዎቹ ግድግዳውንና ጣራውን ራሱን ይመረምራሉ። ከጣራው እንጨት ላይ በመሰርሰሪያ እርሳስ የምታክል ቀጭን ናሙና ያወጣሉ። ከዚያ የዓመት ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ይለካሉ። ለዛፉ የተመቸው ዓመት ቀለበቱ ሰፊ ነው፤ ድርቅ የመታው ዓመት ጠባብ። ያንን ዓመታቸው ቀድሞ ከታወቀ የሌሎች ዛፎች ቀለበቶች መዝገብ ጋር ያስተያዩታል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻው ቀለበት ካልጠፋ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ማርቲን ሉተር ተሸሽጎ አዲስ ኪዳንን የተረጎመበት ዋርትቡርግ ግንብ አለ። የአዳራሹ እንጨት በ1150ዎቹ መጨረሻ ገደማ እንደተቆረጠ የታወቀው በዚሁ ዘዴ ነው። ግሮስማን ለዓመታት የመሩት የግንብ አጥኚዎች ማኅበርም በ1992 የተመሠረተው እዚያው ነው፤ ስሙንም ከግንቡ ወስዷል።

ድንጋዩ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በብዙ የጀርመን ግንቦች ጥርብ ድንጋዩ መሀል ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ይታያል። እኔ ጥይት የመታው መስሎኝ ነበር። ለካ ድንጋዩን ወደ ላይ የሚስቡበት የብረት መቆንጠጫ መያዣ ነው! ከ1200 ገደማ ወዲህ እየተለመደ የመጣ ስለሆነ የግድግዳውን ዕድሜ ለመገመት ይረዳል። እርስዎ ቢያዩት ማንም ሳይነግርዎ ያውቁት ነበር። ስንት ዓመት ድንጋይ ያነሱ ሰው!

ባለፈው በጋ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄልድቡርግ ሄጄ ነበር። ግንቡ ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው፤ ጀርመን ለሁለት ተከፍላ ሳለች ድንበሩ ሥር የነበረ። በ1982 እሳት ተነስቶ በ1560ዎቹ የተሠራውን ውብ ክፍሉን አወደመው። አገሪቱ ከተዋሃደች በኋላ ጠገኑት። በ2016 የጀርመን የግንቦች ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ከዚህ ሙዚየም ጀርባ ለዓመታት የደከሙት እኚሁ ሰው ናቸው።

እዚያ የገባኝ ነገር አለ። ግንብ ሲባል ትዝ የሚለን ጦርና ከበባ ነው። አብዛኛውን ዘመን ግን ግንብ መኖሪያ ነበር። ግብር ይገባበታል፣ ዳኝነት ይታይበታል፣ እህል ይከማችበታል። ምሰሶውና መስኮቱ ያማረውም ጌታው ማን እንደሆነ ከሩቅ እንዲታይ ነው። የእኛ የፋሲል ግንብም ቢሆን የነገሥታት ቤት ነበር እኮ። እኔ ግን ልጅ ሆኜ በደጁ ሳልፍ አንድም ቀን ማን ምን ሲሠራበት እንደኖረ ጠይቄ አላውቅም።

አባባ፣ ማሙሽ ይማር። ታሪክ የሚያነብ ልጅ ሞልቷል። ኖራውንና ጥርቡን እየዳሰሰ ከግንበኛ አባቱ የሚማር ግን ስንት አለ? እንዲያው አንድ ቅዳሜ ግንቡ ድረስ ይውሰዱትና ድንጋዩ እንዴት እንደተጠረበ፣ ቅስቱ እንዴት እንደቆመ ያሳዩት። ጥያቄውን ሰምተው ከዚያ ይወስኑ። እምቢ ካሉም ቃልዎን አከብራለሁ፤ ግን ደግሜ እለምንዎታለሁ።

የመመዝገቢያውን ገንዘብ በእማዬ ሒሳብ ልኬያለሁ፤ ሰኞ ባንክ ትጠይቅ። የተረፈው ለጉልበቷ መድኃኒት ይሁን። ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ